አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ አገሩን በተማሪዎቹ እግር ያጠና ተቋም

ከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚለው አባባል በብዙ ጽሑፎች ቢደጋገምም መታረም ያለበት ነው። ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ተምሮ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ከዚያም በመጻሕፍት ቤት የብሉይንና የሐዲስን ትርጓሜ ሲያጠና ዐሥርና ሃያ ዓመት የሚቆይ የአብነት ተማሪ፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር ወደ ወሎ የትምህርት ማዕከላት መጥቶ ፊቅህና የዐረብኛ ሰዋስው የሚማር ደረሳ፣ በማናቸውም መለኪያ ከፍተኛ ተማሪዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከነዚህ የሚለየው መንግሥት በቻርተር ያቋቋመው፣ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ዲግሪ የሚሰጥና በመጀመሪያው ዘመኑ ከምንም በላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እንዲያፈራ የታሰበ ተቋም መሆኑ ነው። ይህ አመሠራረቱ ጥንካሬውንም ድካሙንም ወስኖበታል፤ ከዘውዱ፣ ከደርግና ከኢሕአዴግ ሥርዓቶች ጋር የነበረውን ግንኙነት ለመረዳትም ከዚሁ መነሣት ያስፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲው የተወለደው የተማረ ሰው ፈጽሞ በተመናመነበት ጊዜ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ ወራሪው ኃይል በውጭ አገር የተማሩትንና በአገር ውስጥ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙትን ወጣቶች እየመረጠ ገድሏል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ ሚኒስቴሮችን የሚያንቀሳቅስ፣ ሕግ የሚያረቅና ሒሳብ የሚይዝ የተማረ ዜጋ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ መንግሥት በአንድ በኩል ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር እየላከ፣ በሌላ በኩል በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን፣ ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌትን የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚወጡትን ሁሉ ወደ ውጭ መላክ ግን ወጪው ከባድ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ወጣቶቹ ከባዕድ አገር ይዘውት የሚመለሱት ሐሳብ ቤተ መንግሥቱን ያሳስበው ነበር። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዲግሪ በአገር ውስጥ መስጠት ለገንዘብም ለፖለቲካም የሚበጅ መስሎ ታየ።

ይህን ሥራ እንዲጀምሩ የተመረጡት ከካናዳ ከኩቤክ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት፣ በተለምዶ ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ መምህራን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዘው ስለ ነበር ለአገሩ እንግዳ አልነበሩም። የተጋበዙት ግን በግልጽ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም፣ የካህን ልብስም አይለብሱም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት በሆነችበት፣ በዐሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት በጀስዊቶች ምክንያት የፈሰሰው ደም ገና ባልተረሳበት አገር ይህ ጥንቃቄ የሚያስገርም አይደለም፤ የሚያስገርመው ቅድመ ሁኔታው ተከብሮ ካህናቱ ሱፍና ከረባት አድርገው ለብዙ ዓመታት ማስተማራቸው ነው። ከነሱ አንዱ የሆኑት ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኮሌጁ በሐምሌ 1946 ዓ.ም. ቻርተር፣ ማለትም ሕጋዊ ሰውነቱን፣ አስተዳደሩንና ዲግሪ የመስጠት መብቱን የሚደነግግ የመቋቋሚያ ሰነድ ተሰጠው።

የኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመታት ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጥብቅ የአዳሪ ሥርዓቱና የአስተዳዳሪዎቹ ቁጥጥር ነው። ይህ እውነት ቢሆንም፣ ከዚያ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው በዚያው ኮሌጅ ውስጥ ያለ ብዙ ጩኸት የተጀመረ አንድ ሥራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪና ኋላም በዚያ ያስተማሩት እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፓንክረስት የረዱት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር፣ ማለትም የሕዝቦችን ባህልና ልማድ የሚያጠና ክበብ፣ ከ1945 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ መጽሔት ያወጣ ነበር። በመጽሔቱ ላይ ይጽፉ ከነበሩት አብዛኞቹ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጽፉትም ስለ ትውልድ ቀያቸው ሠርግና ለቅሶ፣ ስለ እርቅ ሥርዓት፣ ስለ ጨዋታና ስለ ዕቃ አሠራር ነበር። ሆይናትስኪ በበኩላቸው መስቀሎችን፣ ሥዕሎችንና የቤት ቁሳቁሶችን እየሰበሰቡ ኋላ ለትልቅ ሙዚየም መሠረት የሆነውን ስብስብ አደራጁ። በእንግሊዝኛ ብቻ በሚያስተምርና የትምህርት ይዘቱን ከውጭ በተዋሰ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪው ስለ ገዛ አገሩ የሚጽፍበት ስፍራ ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲው በኋላ ለአገሩ ከዋላቸው ውለታዎች ትልቁ ከዚህች ትንሽ ክበብ የጀመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በተመሳሳይ ዘመን ሌሎች ኮሌጆችም እዚህም እዚያም ይከፈቱ ነበር። በአምስት ኪሎ የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በልደታ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕንፃ ኮሌጅ፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በሐረርጌ አለማያ በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። እያንዳንዱ የራሱ ለጋሽ፣ የራሱ የትምህርት ሥርዓትና የራሱ የበላይ ሚኒስቴር ስለ ነበረው፣ አንዱ ኮሌጅ የሰጠውን ውጤት ሌላው እንዴት እንደሚቀበል እንኳ የተስማሙበት ደንብ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ከአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የባለሙያዎች ቡድን ሁኔታውን አጥንቶ ኮሌጆቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንዲዋሐዱ ሐሳብ አቀረበ፤ አሜሪካዊው የትምህርት አደረጃጀት በአዲስ አበባ ሥር የሰደደውም ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

ውሕደቱ በተዘጋጀበት ወራት ዩኒቨርሲቲውን ከቤተ መንግሥት ጋር ለዘለዓለም ያቆራኘ ክስተት ደረሰ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ ጦር አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ አደባባይ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ መሪዎቹ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አግተዋቸው ከነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ብዙዎቹን፣ ከነሱም መካከል ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻንና ራስ አበበ አረጋይን፣ ገደሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። ስጦታው በዘመኑ የልግስና ተግባር ተብሎ ተወድሷል፤ ልግስናነቱን መካድ አይገባም፤ ሆኖም ደም የፈሰሰበትን ቤት ለንጉሥ መኖሪያነት ማቆየት አስቸጋሪ እንደ ነበር፣ ለወጣቱ ትውልድ በሰፊው መስጠትም ድጋፉን ለሌላ የሰጠውን ተማሪ መልሶ የማቅረቢያ መንገድ እንደ ነበር መገንዘብ ያስፈልጋል።

ከዚያ ቀደምም ቢሆን ገነተ ልዑል የመከራ ትዝታ የነበረው ቤት ነው። የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በዚሁ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ይገዛ ነበር፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የእጅ ቦምብ የወረወሩበትም በዚሁ ደጃፍ ለድኾች ምጽዋት ሲታደል ነው። ዛሬ ወደ ዋናው ግቢ የሚገባ ሰው በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሞ ያገኛል። ደረጃውን ያሠሩት ፋሺስቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የተቆጠረውን አንድ አንድ ዓመት እንዲወክል ታስቦ ነው የተሠራው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ከግቢው በር ውጭ ደግሞ ለየካቲት 12 ሰማዕታት የቆመው ሐውልት ይታያል። ስለዚህ በስድስት ኪሎ ታሪክ የሚማር ተማሪ ከመማሪያ ክፍሉ ሲወጣ የሚያየው የሚያጠናውን ዘመን ራሱን ነው።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው በቦርድና በሴኔት ነበር፤ ሴኔት ማለት የትምህርት ጉዳዮችን፣ የመመረቂያ መስፈርትንና የመምህራንን ዕድገት የሚወስን የመምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ጉባኤ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ሲሆኑ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ተቋሙን እስከ አብዮቱ ዋዜማ መርተዋል። በመስከረም 1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ በአሜሪካዊው ጄምስ ፖል ዲንነት ተከፈተ፤ ፍትሐ ብሔሩና ወንጀለኛ መቅጫው ገና አዲስ በነበሩበት ጊዜ እነዚህን ሕጎች የሚያውቅ ዳኛና ጠበቃ የወጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። የሕክምና ፋኩልቲም ተከትሎ ተቋቋመ።

ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው በምርምር በኩል የተሠራው ሥራ ነው። በ1955 ዓ.ም. በፓንክረስት ዳይሬክተርነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መቀመጫው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሆነ። የኢትኖሎጂ ማኅበሩ የሰበሰበው ቅርስ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ስለ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ቋንቋ የታተመ ጽሑፍ ሁሉ ወደዚያ ገባ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ከነአልጋው የሙዚየሙ አካል ሆኖ ቀረ። ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ሰው ሮም፣ ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት፤ ሰነዱም፣ ቅጂውም፣ ዕውቅናውም የሚገኘው እዚያ ስለ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሲደረግ ማዕከሉ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቱ መመለሱ ታወቀ። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነርም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና እያስተማሩ የግእዝ የፍልስፍና ድርሳናትን በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው ለዓለም አስተዋውቀዋል።

በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ደግሞ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ አለ። አዲስ አበባ የምትገኘው የምድር መግነጢሳዊ ኃይል አግድም በሚተኛበት ቀበቶ፣ ማለትም በመግነጢሳዊው ወገብ አቅራቢያ ስለ ሆነ፣ ጣቢያው የሚመዘግበው ልኬት ለዓለም ሳይንስ የራሱ ዋጋ ነበረው። በተጨማሪም ከተማዋ ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ስለ ተቀመጠች የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢ መሣሪያዎቹ ሌት ተቀን ሥራ አያጡም። የጣቢያው መሥራች ፒየር ጉዋን፣ እሳቸውም ከጀስዊቶቹ አንዱ፣ መሣሪያ የመዘገበውን ብቻ አልተቀበሉም፤ በዜና መዋዕሎችና በመንገደኞች ማስታወሻ የተጠቀሱትን የጥንት መንቀጥቀጦች አንድ በአንድ ፈልገው የኢትዮጵያንና የአፍሪቃ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚህ ሥራ የሳይንስና የታሪክ ምርምር ተገናኝተዋል፤ የጥንቱ ጸሐፊ በድንጋጤ የመዘገበው መንቀጥቀጥ ዛሬ ግድብና ሕንፃ ለሚቀይስ መሐንዲስ ግብአት ሆኗል።

ሦስተኛው ምሳሌ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1957 ዓ.ም. አካባቢ በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ፣ በወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው በሽታ፣ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መገኘታቸውን አስተዋለ። እንዶድ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የነበረ፣ ማንኛዋም የገጠር ሴት የምታውቀው የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ያስተዋለው ግን ጥያቄ ይዞ የሄደ ተመራማሪ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ይህን ምርምር ለዓመታት ተከታትሎታል፤ በ1982 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። የውጭ ባለሙያዎች ምርምሩን ከአፍሪቃ ስለ መጣ ብቻ በጥርጣሬ ማየታቸው ሥራውን እንዳጓተተው ዶክተሩ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ቅሬታው የግሉ ብቻ ሳይሆን በዘመኑ ከአፍሪቃ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣ ምርምር ሁሉ የደረሰበት ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተተገበረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ደንብ ደግሞ ተማሪውን ራሱን ወደ ገጠር አወጣው። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ የመጨረሻውን ዓመት ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች ማገልገል ነበረበት፤ ይህን ያልፈጸመ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ሲሆን፣ የተቀሩት በጤና፣ በሕግና በመሳሰሉት ዘርፎች ሠርተዋል። ውሳኔው ሲወሰን የተቃወሙ ተማሪዎች ቢኖሩም፣ የአዲስ አበባን ልጅ ወደ ጋሞ ጎፋ፣ የሐረርጌውን ወደ ትግራይ፣ የጎጃሙን ወደ ኢሉባቦር ያደረሰው ይህ አገልግሎት ነው። ተማሪው በሄደበት ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለርስቱ እንደሚያስረክብ በዓይኑ አየ፤ የተሰማራበት ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ከሱ ዘንድ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ቀሰሙ። መንግሥት የመምህር እጥረቱን ለማቃለል ያወጣው ደንብ ስለ አገሪቱ የተማሪውን ዓይን ከፈተ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም ውጤቱ በዙፋኑ ላይ ታየ።

የተማሪው እንቅስቃሴ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በግጥም ተጀምሯል። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ያቀረበው «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥም የአገሪቱን ድኻ በንጉሡ ፊት አቁሞ አናገረው። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተሰጠው ቃል መሠረት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው የመጡት የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የናይጄሪያና የሌሎች አገሮች ተማሪዎችም ከቅኝ አገዛዝ ጋር የሚደረገውን ትግል ይዘው ስለ መጡ፣ በነጻነቱ የሚኮራውን ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስለ ገዛ አገሩ ኋላ ቀርነት እንዲጠይቅ አደረጉት። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተጓዙ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎቹ ማኅበር ልሳን ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያሳተመው ጽሑፍ ከአምስት ገጽ እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ኢትዮጵያ ዛሬም ድረስ የምትከራከርበት ሰነድ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩሰው ሕይወት ጠፋ። ንጉሡ ለወጣቱ በሰጡት ቤት ደጃፍ የንጉሡ ዘበኛ ወጣቱን መግደሉ ዩኒቨርሲቲውን ከዘውዱ ጋር ያስተሳስር የነበረውን የመጨረሻ ክር በጠሰው።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወረዱ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለአጭር ጊዜ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ በታኅሣሥ ወር የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን አወጀ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን በገጠር ተሰማሩ፤ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አዋጁን ለገበሬው ያነበቡትና የገበሬ ማኅበራትን ያደራጁት በአብዛኛው «መሬት ለአራሹ» ይሉ የነበሩት ዘማቾች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1969 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ግን ያ ትውልድ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ፣ በነጭ ሽብርና በቀይ ሽብር መካከል ወድቆ ነበር። ስንት ተማሪና ስንት መምህር በጥይት እንደ ወደቀ፣ ስንቱ ታስሮ፣ ስንቱ በበረሃ አድርጎ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ እንደ ተሰደደ ተቆጥሮ አያልቅም። ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚገኙት ቀደምት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ብዙዎቹ የዚህ ግቢ ልጆች ናቸው።

በደርግ ዘመን የማርክስና የሌኒን ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ ካድሬ የመምህራን ስብሰባ ተቆጣጠረ። የሚያስደንቀው በዚያው ዘመን፣ በተለይም ዶክተር ዱሪ መሐመድ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ወቅት፣ ዩኒቨርሲቲው በ1971 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሁለተኛ ዲግሪ መስጠት መጀመሩ፣ ከ1970ዎቹ መገባደጃ ወዲህም የዶክትሬት መርሐ ግብር ማስጀመሩ ነው። ምክንያቱ አንድም ከምዕራቡ ዓለም ጋር የነበረው ግንኙነት ስለ ላላ ተማሪን ወደ ውጭ መላክ አስቸጋሪ መሆኑ፣ አንድም የሄደው ባለ መመለሱ ነበር። ከአንድ የስዊድን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የኢትዮጵያን ዕፅዋት መዝግቦ የማሳተም ሥራ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ፈጅቶ በብዙ ቅጽ የተጠናቀቀው በአራት ኪሎው የዕፅዋት ክምችት ማዕከል ላይ ተመሥርቶ ነው። በታሪክ ትምህርት ክፍልም ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይና ባሕሩ ዘውዴን የመሳሰሉ ምሁራን ተማሪዎቻቸውን ወደየመጡበት ወረዳ ልከው ሽማግሌ እንዲያነጋግሩ፣ የገዳምና የፍርድ ቤት መዝገብ እንዲያገላብጡ፣ የአንድን ከተማ፣ የአንድን ገበያ ወይም የአንድን ባላባት ታሪክ እንዲጽፉ ያደርጉ ነበር።

ኢሕአዴግን ለሥልጣን ካበቃው ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የነበረው ታሪክ በዝርዝር የሚታወቅ ስለ ሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ስለ ኤርትራ ጉዳይ ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ከ40 በላይ መምህራን፣ ከነሱም መካከል ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ በአንድ ጊዜ ተባረሩ። በብዙ ዓመት ድካም የተሠራ የመምህራን ትውልድ በአንድ ደብዳቤ መበተኑ በዩኒቨርሲቲው ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ሁሉ ለመጠገን እጅግ አዳጋቹ ነበር፤ ሕንፃ ቢፈርስ በጥቂት ዓመት ይሠራል፣ አንድ ፕሮፌሰር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የግቢ ፖሊስ እንዲነሣና የተማሪዎች ጋዜጣ እንዲፈቀድ በተነሣው ጥያቄ ሳቢያ እንደገና ሕይወት ጠፋ።

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል። ከነዚህ አንጋፋዎቹ፣ ማለትም ሐረማያ (የቀድሞው አለማያ)፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር፣ በአንድ ወቅት በሙሉም ሆነ በከፊል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካላት ነበሩ፤ በተቀሩትም ውስጥ የሚያስተምረው ትውልድ በአብዛኛው ድኅረ ምረቃውን የተማረው በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ ወይም በአምስት ኪሎ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ራስ ገዝ ማለት የገንዘቡን፣ የሠራተኛውንና የተማሪ ቅበላውን ጉዳይ በራሱ ቦርድ የሚወስን ማለት ነው። ይህ መብት በ1946ቱ ቻርተርም ሆነ በኋለኞቹ አዋጆች በተለያየ መጠን ተጽፎ የነበረ ቢሆንም፣ ዘውዱም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ባስፈለጋቸው ጊዜ ጥሰውታል። ስለዚህ የአሁኑ ራስ ገዝነት የሚመዘነው በሕጉ አንቀጾች ሳይሆን መንግሥትን የማያስደስት መምህር በሥራው ላይ መቆየት መቻሉ ሲታይ ነው።

በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ላይ በታይፕ ተጽፈው፣ በካርቶን ተጠርዘው የተቀመጡ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ብዙዎቹ አንድም ቀን በመጽሐፍ አልታተሙም፤ በውስጣቸው ግን የአድዋን ዘማቾች ልጆች፣ የማይጨውን አርበኞች፣ የጥንት ነጋድራሶችን፣ የቃሉዎችንና የአባ ገዳዎችን ቃል የያዙ፣ ተናጋሪዎቹ ካለፉ በኋላ በሌላ ስፍራ ፈጽሞ የማይገኙ ምስክርነቶች ተመዝግበዋል። ወረቀቱ እየሳሳ፣ የታይፑ ቀለም እየደበዘዘ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአዲሱ ነጻነቱ ከሚያዘው ገንዘብ ላይ ጥቂቱን መድቦ እነዚህን ጽሑፎች በስካነር አንሥቶ ለአንባቢ ክፍት ቢያደርጋቸው፣ በየከተማውና በውጭ አገር የሚኖሩ ምሩቃኑም ለዚህ ሥራ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ባለሙያውም መሣሪያውም በአገር ውስጥ ስላለ ሥራው ነገ ሊጀመር ይችላል።